የስህተት ትምህርትን የሚያጋልጥ አገልግሎት ራሱ በምን ይመዘናል?

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ በአጥቢያችን የሰንበት ትምህርት አስተምራለሁ። የስህተት ትምህርትንና ሐሰተኛ ነቢያትን የሚያጋልጥ አንድ የዩቲዩብና የቴሌግራም አገልግሎት ከተከታተልኩ ቆየሁ። ብዙ ጠቅሞኛል፤ ‹ዘር ዝሪ› እየተባልኩ ደመወዜን ከማስረከብ ያወጣኝ እሱ ነው። በቅርቡ ግን የእኛኑ አጥቢያ አገልጋይ በስሙ ጠርተው፣ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቆርጠው ‹የተኩላ ትምህርት› ብለው ለቀቁት። ወጣቶቹ ለሁለት ተከፈሉ። ሽማግሌዎቻችን ‹የተቀባውን አትንኩ› ይላሉ፤ አገልግሎቱ ደግሞ ‹ዝም ያለ ተባባሪ ነው› ይላል። ማንን ልመን? እንዲህ ያለ አገልግሎት ትክክለኛ መሆኑስ በምን ይታወቃል?»

ምላሽ፦

እኅቴ፣ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ስለ አገልግሎቱ፣ ሌላው ስለ አገልጋያችሁ። ስለ አገልጋያችሁ ከእኔ ፍርድ አትጠብቂ፤ ስብከቱን ሙሉውን አልሰማሁትም። መጽሐፍም ሳይሰማ ነገርን የሚመልስ ሰው ስንፍናና እፍረት ይሆንበታል ይላል (ምሳ. 18፥13)። ስለ አገልግሎቱ ግን ዕቅበተ እምነት፣ ማለትም እምነትን ከስህተት መከላከልን፣ የማስተምር ሰው ነኝና ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሜ የምለው፣ ከዚህ አገልግሎት በማግኘትሽ የምታፍሪበት ምንም ነገር የለም። ስለ ስህተት ትምህርት ማስጠንቀቅ የቤተ ክርስቲያን የቆየ ሥራዋ ነው። ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሲሰናበት ጨካኞች ተኩላዎች እንደሚገቡ፣ ከእነርሱው መካከልም ጠማማ ነገር የሚናገሩ እንደሚነሡ ነገራቸው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሌሊትና ቀን በእንባ ሲገሥጻቸው እንደኖረም አስታወሳቸው (ሐዋ. 20፥29–31)። ይሁዳ ስለ መዳን ሊጽፍ ተግቶ ሳለ ስለ ሃይማኖት እንዲጋደሉ መምከር ግድ ሆነበት። ማስጠንቀቂያ ሲጠፋ ወይም ሳይሰማ ሲቀር ሰው ይሞታል። በ2023 በጎረቤታችን ኬንያ፣ በኪሊፊ ካውንቲ ሻካሆላ በሚባል ጫካ ውስጥ ከ400 በላይ አስከሬን ከመቃብር ወጥቷል፤ ዐቃቤ ሕግ እንዳለው እነዚህ ምእመናን ጌታን ለማግኘት በረሃብ እንዲሞቱ በሰባኪያቸው በፖል ማኬንዚ የታዘዙ ነበሩ። ሕፃናትም ነበሩባቸው። ሰውየው ከዚያ በፊት በ2017ም በ2019ም ታስሮ ተለቋል። በእኛም አገር «ተፈውሳችኋልና መድኃኒቱን ተዉት» ተብለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያቋረጡ ሰዎችን የምናውቅ ብዙዎች ነን። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩ ያ ቃል የሰው ሕይወት ያተረፈ ማስጠንቀቂያ ነበር። ማንንም በስም አልከሰሱም፤ ስህተቱን ግን በስሙ ጠሩት።

እንግዲህ ማስጠንቀቅ ተገቢ መሆኑ አያከራክረንም። እኔን የሚያሳስበኝ አስጠንቃቂው በሚከሰው ሰው ላይ እውነት መመስከሩ ነው። «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ «መናፍቅ ካልሆነ በቀር» የሚል ቅጥያ የለውም። ስለዚህ አንድን አገልግሎት ስመዝን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህን ነው፦ የተከሰሰው ሰው ስለ ራሱ የተባለውን ቢሰማ «አዎ፣ የማስተምረው ይህንኑ ነው፤ ስህተት መሆኑን ግን አልቀበልም» ይላል ወይስ «ይህን መች አልኩ?» ይላል? የመጀመሪያውን የሚል ከሆነ አገልግሎቱ ሥራውን ሠርቷል፤ የቀረው በመጽሐፍ ቅዱስ መከራከር ነው። ሁለተኛውን ካለና ካስረዳ ግን ትምህርቱ ገና አልተነካም፤ የተመታው ሌላ ነገር ነው።

በዚህ ረገድ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው የአሜሪካ ወንጌላውያን ታሪክ አለ፤ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ለጥያቄሽ ከማውቀው ምሳሌ ሁሉ የሚቀርበው እሱ ነው። ዋልተር ማርቲን የሚባል ሰው በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የኑፋቄ ቡድኖችን በማጥናት ስሙ የገነነ አስተማሪ ነበር። በ1955 እና በ1956 የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያንን ሊቃወም ተነሥቶ በሩቅ ከመጻፍ ይልቅ ከመሪዎቻቸው ጋር ተቀመጠ። ጥያቄዎቹን በጽሑፍ አቀረበ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበለ። ደጋግመው ተገናኙ። በመጨረሻ ስለ ሰንበት፣ ነቢይት አድርገው ስለሚቀበሏት ስለ ኤለን ዋይት ትንቢትና ስለ ምርመራ ፍርድ (ክርስቶስ ከመምጣቱ በፊት በሰማይ ይካሄዳል ስለሚሉት ፍርድ) ያለውን ልዩነት ምንም ሳይሸፍን፣ በዋናዎቹ የእምነት ምሰሶዎች ላይ ግን ክርስቲያን ወንድሞች ናቸው ብሎ ደመደመ። አብሮት የነበረው ዶናልድ ባርንሃውስ ይህንኑ በ1956 በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ አወጣ፤ ብዙ አንባቢዎቹም ተቆጥተው ደንበኝነታቸውን አቋረጡ። በድምዳሜያቸው እስከ ዛሬ የማይስማሙ ወንጌላውያን አሉ። የሄዱበትን መንገድ ግን ልብ በይ፦ ሰውየው ተቃዋሚ ሆኖ ሄዶ፣ ጠይቆ፣ አንብቦ፣ ማስረጃው ወደ መራው ተመለሰ። ዋጋም ከፈለበት።

ያው ዋልተር ማርቲን በ1960 ክርስቲያን ሪሰርች ኢንስቲትዩት የሚባለውን ተቋም መሠረተ። በ1970ዎቹ ተቋሙም ሌሎችም «ሎካል ቸርች» የሚባለውን ኅብረት መናፍቅ ሲሉ ፈረጁ። ይህ ኅብረት የቻይናዊው አገልጋይ የዋችማን ኒ የሥራ ባልደረባ የነበረው ዊትነስ ሊ የመራው ነው። ሊ ኢሳይያስ 9፥6 ላይ ወንድ ልጁ «የዘላለም አባት» መባሉን፣ 2 ቆሮንቶስ 3፥17 ላይም ጌታ መንፈስ መባሉን ይዞ ወልድና አብን፣ ወልድና መንፈስን አንድ የሚያደርግ የሚመስል ንግግር ይናገር ነበር። እኛ አገር «ኦንሊ ጂሰስ» ከሚባለው ትምህርት ጋር ያለውን ክርክር የሚያውቅ ሰው ያንን አንድ አንቀጽ ብቻ ቢሰማ ወዲያው ሦስቱን አንድ አካል ነው ያለውን የጥንት መናፍቅ አስታውሶ «ይኸው ሰባልዮስ ተነሣ» ይላል። ተቺዎቹም ያሉት ይህንኑ ነው። ይኸው ሰው ግን በሌላ ቦታ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ ከዘላለም እስከ ዘላለም አብረው የሚኖሩ፣ የሚለዩ ግን የማይነጣጠሉ መሆናቸውን አስተምሯል። ያ ክፍል በክሶቹ ውስጥ ተገቢውን ቦታ አላገኘም ነበር።

ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። በበርክሊ የነበረ ሌላ የአጋላጭነት አገልግሎት ባሳተመው መጽሐፍ ምክንያት በ1985 የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት የ11.9 ሚሊዮን ዶላር የስም ማጥፋት ካሳ ፈረደበት። እዚህ ላይ ለእውነት ሲባል መባል ያለበት ነገር አለ፦ አገልግሎቱ ገንዘቡ አልቆ ኪሳራ በማወጁ ክርክሩን አልቀጠለም፤ ስለዚህ ፍርዱ የተሰጠው የአንዱ ወገን ማስረጃ ብቻ ተሰምቶ ነው። ያም ሆኖ ክርስቲያን ሪሰርች ኢንስቲትዩት ከ2003 ጀምሮ ስድስት ዓመት ወስዶ ጉዳዩን እንደገና መረመረ። ሰዎቹን አነጋገሩ፤ ጽሑፋቸውን አነበቡ፤ እስከ ቻይናና ታይዋን ድረስ ሄደው አዩ። በ2009 የመጽሔታቸውን አንድ ሙሉ እትም ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተው ሽፋኑ ላይ «ተሳስተናል» ብለው በትልቁ ጻፉ። ክሱ አደባባይ ወጥቶ ስለ ነበር እርማቱንም አደባባይ አወጡት።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ቀላል ነበር። በ2006 በአሜሪካ የሚገኘው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የፉለር ሴሚናሪ መምህራን ከራሳቸው ጥናት ተነሥተው ኅብረቱ በዋናው የክርስትና እምነት ውስጥ መሆኑን ተናግረዋል፤ በ2007 ደግሞ ከ60 በላይ የወንጌላውያን ምሁራን ኅብረቱ የሊን አንዳንድ አባባሎች እንዲተው በግልጽ ደብዳቤ ጠይቀዋል። ከ2009ኙ እርማት በኋላም የዕቅበተ እምነት ጸሐፊዎቹ ኖርማን ጋይስለርና ሮን ሮድስ «ተሳስተናል ማለታችሁ ራሱ ስህተት ነው» ብለው ጽፈዋል። ስለዚህ ይህን የማነሣልሽ ማን እንደረታ ልነግርሽ አይደለም። ከሁለቱም ወገን ያሉት ቁም ነገረኞች ጽሑፉን ከነቦታው ጠቅሰው ይከራከራሉ፤ አንቺም ገልጠሽ ማየት ትችያለሽ። እንዲህ ያለውን አገልግሎት ባልስማማበትም አከብረዋለሁ። «ዝም ብለሽ እመኚኝ» የሚለውን ግን፣ ብስማማበትም አላምነውም።

አሁን ወደ ሁለቱ ደቂቃዎች እንምጣ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው፤ ይህ ቪዲዮ ለሚቆርጥ ሰው ትልቅ ፈተና ነው። አንድ ሰባኪ እንዲህ አለ እንበል፦ «ኢየሱስ እንደ እኛ ፍጡር ነበር፣ በኋላ ነው አምላክ የሆነው የሚሉ አስተማሪዎች ተነሥተዋልና ተጠንቀቁ።» ቪዲዮውን «የሆነው» ላይ አቁሚው። የቀረው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ድምፁም የራሱ የሰባኪው ነው፤ የአፉም እንቅስቃሴ ይገጥማል፤ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል። ይህን ለማድረግ ክፉ ልብ እንኳ አያስፈልግም፤ አጭር ቪዲዮ የሚፈልግ የቸኮለ እጅ ይበቃል። ስለዚህ የተቆረጠ ነገር ሲደርስሽ ሙሉውን ስብከት ፈልጊ፤ ከተቆረጠው ቦታ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ፣ አሥር ደቂቃም ወደ ፊት ስሚ። የራሱን ሐሳብ እየተናገረ ነው ወይስ የሌላውን እየጠቀሰ? ያን ቃል ደጋግሞ በየስብከቱ ያስተምረዋል ወይስ አንድ ቀን አፉ ላይ የመጣ ነው? በኋላ አርሞታል? አገልግሎቱ የሙሉውን ስብከት ሊንክና ቀኑን ካላስቀመጠልሽ፣ ያንን አለማድረጉን እንደ ትልቅ ጉድለት ቁጠሪው። ማስረጃ ያለው ሰው ምንጩን ለማሳየት አይሰስትም።

ቃልን ከቦታው መንቀል ምን ያህል እንደሚያሳስት ከአባቶች አንድ ምሳሌ ልጨምር። «እኛ ትንንሽ አማልክት ነን» የሚለውን ትምህርት ብዙ አጋላጮች በትክክል ይቃወሙታል። ነገር ግን ቅዱስ አትናቴዎስ፣ በኒቅያ ለተወሰነው እምነት ዕድሜውን ሙሉ የተሰደደው አባት፣ ስለ ቃል ሥጋ መሆን ሲጽፍ «እኛ አማልክት እንሆን ዘንድ እርሱ ሰው ሆነ» ብሏል። አትናቴዎስ በጸጋ የእግዚአብሔርን ሕይወት ስለመካፈል ነው የሚናገረው፤ በባሕርይ ፈጣሪ ስለመሆን አይደለም። ያን አንድ መስመር ብቻውን ቆርጦ በቀይ ጽሑፍ ቢለጥፉት ግን የክርስቶስን አምላክነት የካደውን አርዮስን የተዋጋውን ሰው ራሱን መናፍቅ ያደርገዋል። ዛሬ «አማልክት ናችሁ» የሚል ሰባኪ ስትሰሚም እንደዚያው ጠይቂ፦ በምን? በጸጋ ወይስ በባሕርይ? መልሱ «በባሕርይ» ከሆነ፣ ወይም «ቃሌ እንደ እግዚአብሔር ቃል ይፈጥራል» ካለ፣ ያኔ ክሱ ትክክል ነው፤ ማስጠንቀቁም ግዴታ ነው።

ሌላው የማየው ነገር ሚዛናቸውን ነው። የሥላሴ ትምህርት፣ የክርስቶስ አምላክነትና ሰውነት፣ ሞቱና ትንሣኤው፣ መዳን በጸጋ መሆኑ፣ እነዚህ የሚነኩ ከሆነ ነገሩ የሞት ሽረት ነው። ኦርቶዶክስም ወንጌላዊም በኒቅያው ጸሎተ ሃይማኖት የሚናገሩት ዋና ነገር ይኸው ነው። የልሳን ጉዳይ፣ የሕፃናት ጥምቀት፣ የዝማሬ ስልት፣ የሴቶች አገልግሎት ሌላ ደረጃ ነው፤ መከራከር ይቻላል፣ በዚህ ሰውን መናፍቅ ማለት ግን አይገባም። የገንዘብና የሥነ ምግባር ክስ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ያ ምስክር ይጠይቃል። ጳውሎስ በሽማግሌ ላይ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ክስ አትቀበል ሲል (1 ጢሞ. 5፥19) ስለ ስብከት ቃል እያወራ አይደለም። በአንድ ቪዲዮ ውስጥ «ትምህርቱ የተሳሳተ ነው፣ መኪናው ውድ ነው፣ ከበሮው እንደ ዳንኪራ ነው» ብሎ ሁሉንም በአንድ ማሰሮ የሚያበስል አገልግሎት አድማጩ እንዲለይ አያስተምርም፤ እንዲጠላ ነው የሚያስተምረው።

እነማን ናቸው? ይህን ሳትጠይቂ አትለፊ። በስማቸው ይናገራሉ? የየትኛው አጥቢያ አባላት ናቸው? ሲሳሳቱ ማን ይገሥጻቸዋል? ገንዘቡን ማን ይመረምራል? ስማቸውን የደበቁ ሁሉ ውሸታሞች ናቸው አልልም፤ ዛቻ የደረሰባቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን ማንም የማይጠይቀው ሰው ሁሉን ጠያቂ ሲሆን አደጋ አለው። ስለ ራቪ ዘካርያስ ሰምተሽ ይሆናል። ለአሥርተ ዓመታት በዓለም ዙሪያ ለእምነት ሲሟገት የኖረ፣ በእኛም አገር ብዙ ወጣቶች የወደዱት ተናጋሪ ነበር። በ2017 አንዲት ሴት ክስ ስታቀርብ ድርጅቱ ከእርሱ ጎን ቆመ። በ2020 ሞተ፤ በ2021 መጀመሪያ ላይ ድርጅቱ ራሱ የቀጠረው የሕግ ቢሮ ለዓመታት ብዙ ሴቶች ላይ ጾታዊ በደል መፈጸሙን አረጋገጠ፤ ቦርዱም ይቅርታ ጠየቀ። የዚያ ቦርድ አባላት ስም ለሕዝብ ይፋ አልነበረም። ዘካርያስ ያስተማረው ሁሉ ሐሰት ነበር ማለት አይደለም። እውነትን በብቃት መናገርና በእውነት ፊት መጠየቅ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በብዙ ሴቶች ስቃይ ተምረናል።

ገንዘቡም ይታይ። ዩቲዩብ የሚከፍለው በታየ ልክ ነው፤ «እገሌ ተጋለጠ» የሚል ርዕስ ደግሞ ከሮሜ መልእክት ትምህርት ይልቅ ብዙ ሰው ያያል። በየሳምንቱ አዲስ ተኩላ ማግኘት ያለበት አገልግሎት ተኩላ ባይገኝ በግን ለመክሰስ ይፈተናል። ስለዚህ ያለፉትን ሃያ ሠላሳ ቪዲዮዎች ርዕሳቸውን ብቻ ተመልከቺ፤ ስንቱ ስለ ክርስቶስ ነው፣ ስንቱ ስለ ሰው ነው? የኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን ሐዋርያት ነን ያሉትን ፈትና ሐሰተኞች መሆናቸውን በማግኘቷ ተመስግናለች፤ በዚያው ደብዳቤ የቀደመውን ፍቅሯን በመተዋ ተወቅሳለች (ራእ. 2፥2–4)። ምርመራዋን እንድትተው አልተነገራትም፤ ወደ ፍቅሯ እንድትመለስ እንጂ። ከቪዲዮው ሥር ያለውንም አስተያየት አንብቢ። የአገልግሎቱ ተከታዮች ለተከሰሰው ሰው ይጸልያሉ ወይስ ይሳደባሉ? አዘጋጆቹስ ስድቡን ያርማሉ ወይስ በልብ ምልክት ያጸድቁታል? የጌታ ባሪያ የሚቃወሙትን በየዋህነት እንዲያቀና የታዘዘው እግዚአብሔር ንስሐ ይሰጣቸው ይሆናል በሚል ተስፋ ነው (2 ጢሞ. 2፥24–25)። ተስፋው ከጠፋ ትምህርቱ ትክክል ቢሆን እንኳ አገልግሎቱ ታሟል።

ይህ ነገር በተለይ እኛን ኢትዮጵያውያንን ሊሰማን ይገባል። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት የሆኑት ደቂቀ እስጢፋኖስ «ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ እንሰግዳለን» በማለታቸው «ጸረ ማርያም» ተብለው ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ተገደሉ። ስሙ ከእነርሱ ዘመን አልፎ፣ አምስት መቶ ዓመት ተሻግሮ፣ በወንጌላውያን ወላጆቻችን ላይ ተለጠፈ። ስንቶቻችን ነን «ጌታን የወለደችውን እናከብራታለን» እያልን ማንም ሳይሰማን ያደግነው? የማናምነውን ታምናላችሁ መባል እንዴት እንደሚያቆስል የምናውቅ ሰዎች ያንኑ በሌላው ላይ ልናደርግ አይገባም። የፈረጅነው ሰው በእርግጥ የተሳሳተ ቢሆን እንኳ።

ሽማግሌዎቻችሁ «የተቀባውን አትንኩ» ሲሉ ግን ልክ አይደሉም፤ ይህንም በአክብሮት ልበል። «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» የሚለው ቃል (መዝ. 105፥15) የሚናገረው አብርሃምና ልጆቹ በባዕድ ነገሥታት መካከል ሲንከራተቱ እግዚአብሔር ከጉዳት እንደጠበቃቸው ነው። ስብከታቸው እንዳይመረመር የተሰጠ ከለላ አይደለም። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ትምህርት እንኳ ከመጻሕፍት ጋር ዕለት ዕለት ስላመሳከሩ ተመስግነዋል። ጳውሎስም ጴጥሮስን በሁሉ ፊት ተቃውሞታል (ገላ. 2፥11–14)። ስለዚህ በአደባባይ የተሰጠ ትምህርት በአደባባይ ሊታረም ይችላል፤ በማቴዎስ 18 የተጻፈው «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ» የሚለው ሥርዓት ወንድምህ ሲበድልህ የምትሄድበት መንገድ ነው፤ አጋላጩ አስቀድሞ በግል አላነጋገረምና ጥፋተኛ ነው ለማለት አይበቃም። ይህን አልኩ እንጂ አስቀድሞ መጠየቅ የሚቻል ሲሆን መጠየቅ ይሻላል። ጵርስቅላና አቂላ አጵሎስ ትምህርቱ ጎደሎ መሆኑን ሲሰሙ ወደ ቤታቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አብልጠው በትክክል ገለጡለት (ሐዋ. 18፥26)። ቤተ ክርስቲያንም ትልቅ አገልጋይ አተረፈች።

«ዝም ያለ ተባባሪ ነው» ለሚለው፣ ሳታጣሪ መናገርም ተባባሪ ያደርጋል ብለሽ መልሺ። ስለዚህ በመጀመሪያ ቪዲዮውን ለማንም አታስተላልፊ፤ ወጣቶቹንም እንዲሁ አሳስቢ። ቀጥሎ ሙሉውን ስብከት ፈልገሽ ስሚ፤ የቻሉ ሁለት ሦስት ወጣቶችም አብረውሽ ይስሙ፤ ከሁለቱም ወገን ይሁኑ። ያሳሰባችሁን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ጻፉት፤ ደቂቃውንም አስፍሩ። ከዚያ ለአገልጋዩ በዚህ ዓይነት ጻፊለት፤ ግልባጩንም ለሽማግሌዎቹ ስጪ፦

«ወንድማችን፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በዚህ ቀን በሰጡት ትምህርት በዚህ ደቂቃ ላይ እንዲህ ሲሉ ሰምተናል። ሙሉውን ስብከት አዳምጠናል። በዚህ ቃል ምን ማለትዎ እንደሆነ፣ ከዚህ ጥቅስ ጋርም እንዴት እንደሚስማማ ቢያስረዱን እንወዳለን። የምንጠይቀው ልንከስዎ ሳይሆን ወጣቶቹን በእውነት እንድንመልስ ነው።»

መልሱ ራሱ ብዙ ይነግርሻል። «እንዲህ ማለቴ ነበር፤ አባባሌ ግን አሳሳች ነውና በሚቀጥለው እሑድ አርመዋለሁ» የሚል ሰው ተኩላ አይደለም። «አዎ፣ እንደዚያ ነው የማምነው» ብሎ ከወንጌል የሚጣላ ነገር ካጸና አጋላጮቹ ልክ ነበሩ፤ ያኔ ጉዳዩ ከአጥቢያችሁ አልፎ ወደ ቤተ እምነታችሁ መሪዎች መሄድ አለበት፤ አንቺም በግልጽ መናገር ይገባሻል። ጥያቄውን ራሱን እንደ ዓመፅ ቆጥሮ የሚያስፈራራሽ ከሆነ ደግሞ፣ ቪዲዮው ተቆርጦ ቢሆን እንኳ፣ በቤታችሁ ሌላ ችግር አለ።

ለአገልግሎቱም ጻፊ። የሙሉውን ስብከት ሊንክ እንዲያስቀምጡ፣ አገልጋዩ መልስ ከሰጠ መልሱን በዚያው ገጽ፣ በዚያው ርዕስ ልክ እንዲያወጡት ጠይቂ። ካወጡት፣ በተለይም ራሳቸውን ካረሙ፣ መከታተልሽን ቀጥዪ፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ያስፈልጉናል። ጽሑፍሽን ሰርዘው ከቴሌግራሙ ቢያስወጡሽ፣ ስለ ዘር መዝራት ያስተማሩሽ እውነት እውነትነቱ አይቀርም፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አመሳክረሽ ያገኘሽው ስለሆነ ያዢው። ከዚያ በኋላ ስለ ሰዎች የሚናገሩትን ግን ከሌላ ቦታ ሳታረጋግጪ አትቀበዪ፤ ለሰንበት ትምህርት ልጆችም አታስተምሪበት።